«መሬት ለአራሹ» ቢቸናና ሞጣ ሲደርስ

ነገሩ የተጀመረው በቀልድ ነበር። ከመኻላችን አንዱ ሩሲያኛ ካላወቅሁ ብሎ መዝገበ ቃላት ታቅፎ የሚያድር ልጅ ነው። አንድ ምሽት «ላንድ ቱ ዘ ቲለር» የሚለውን የእንግሊዝኛ ሐረግ ወደ ሩሲያኛ እመልሳለሁ ብሎ ተነሣ። መዝገበ ቃላቱ «ቲለር» ለሚለው ቃል ሁለት ፍች ሰጠው። አንደኛው «ፓኻር» ነው፤ ሞፈርና ቀንበር ይዞ የሚያርስ ሰው። ሁለተኛው «ሩምፔል» ነው፤ ጀልባ ወደ ግራ ወደ ቀኝ የሚዞርበት እጀታ፣ ባጭሩ የጀልባ መሪ። ልጁ ቸኩሎ ሁለተኛውን አነሣና ወደ አማርኛ መልሶ ሲያነብልን «መሬት ለመሪው» ሆኖ ዐረፈው። ቤቱ በሳቅ አለቀ። የሞጣው ጓደኛችን ብቻ አልሳቀም። «ምን ያስቃል? በእኛ አገር የሆነውስ ይኸው አይደለም እንዴ?» አለና ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ።

ሳቁ ካለፈ በኋላ ነገሩ ከነከነን። ለመሆኑ አንድ ሐረግ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሲሻገር ምን ይጥላል? ምንስ አንሥቶ ይመጣል? ይህን ጥያቄ ይዘን ወደ ምሥራቅ ጎጃም፣ ወደ ቢቸናና ወደ ሞጣ ታሪክ ወረድን። የወረድንበት ምክንያት ጓደኛችን ስለ ተቀየመ ብቻ አይደለም። በ1960 ዓ.ም. በእነዚያ ሁለት አውራጃዎች ደም የፈሰሰው በመሬትና በግብር የተነሣ ቢሆንም፣ ከመሬቱና ከግብሩ በፊት የተጋጩት ቃላት ናቸው የሚል እምነት ስላደረብን ነው።

በቅድሚያ ሩሲያኖቹን እንይ። እነሱም ከዚህ ጣጣ አላመለጡም። «ዜምልያ» ሲሉ መሬትም፣ አፈርም፣ አገርም፣ ምድርም ማለታቸው ነው። «ቮልያ» ሲሉ ነፃነትም ፈቃድም ነው። እ.ኤ.አ. በ1879 የተቋቋመውን «ናሮድናያ ቮልያ» የተባለ የምሥጢር ማኅበር የእንግሊዝኛ ጸሐፊዎች «የሕዝብ ፈቃድ» ብለው ሲተረጉሙት፣ «የሕዝብ ነፃነት» የሚለው ግማሽ ፍች መንገድ ላይ ቀረ። ገበሬውን የሚጠሩበት «ክሬስትያኒን» የተባለው ቃል ደግሞ «ክርስቲያን» ከሚለው የወጣ ነው። እንግዲህ የ1917ቱን «መሬት ለገበሬው» የሚል መፈክር የቃሉን ሥር ተከትሎ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ቢገኝ «መሬት ለክርስቲያኑ» ሊለን ነው! እዚያ ማንም ልብ የማይለው የቃል ታሪክ እኛ ዘንድ ሲደርስ ስንቱን ባስቀየመ ነበር። በደጋው አገራችን በብዙ ቦታ ሙስሊሙ፣ ቀጥቃጩና ፋቂው ከርስት ተገፍተው እንደ ኖሩ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ከዚህ የከፋም ደርሶባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1861 ዛሩ ገባሮቹን ነፃ አወጣሁ ብሎ ረዥምና ጠማማ ሕግ አወጀ። ቤዝድና በምትባል መንደር አንቶን ፔትሮቭ የሚባል ፊደል የቆጠረ ገበሬ ነበረና ሕጉን እንዲያነብላቸው ሰው ተሰበሰበ። እርሱም በታተመው ሰነድ ውስጥ ያሉትን ዜሮዎች አይቶ «እውነተኛዋ ቮልያ ይህች ናት፤ ጌቶች ደብቀዋት ነው» ብሎ ተረጐመ። ገበሬው ሥራ አቆመ፤ ወታደር መጣ፤ ተኩስ ተከፈተ፤ ብዙ ሰው ሞተ፤ ፔትሮቭም በጥይት ተደብድቦ ተገደለ። በዜሮ የሞተ ሰው ብለን እንስቅበት ይሆናል። ነገር ግን ሰውዬው ያነበበው ዜሮውን አልነበረም። ለትውልድ ሲጠብቀው የኖረውን ነገር ነበር ያነበበው። ገበሬ አዋጅ ሲነበብለት ቃሉን ብቻ አይሰማም፤ ከቃሉ በስተጀርባ ያለውን እጅ ያያል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ቢቸናና ሞጣ የሚገኙት ከጮቄ ተራራ በስተምሥራቅና በስተሰሜን፣ ዐባይ ጎጃምን ዞሮ በሚያቅፍበት ገጽ ነው። ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ወርቅ፣ መርጡለ ማርያም ያሉት በዚሁ አቅጣጫ ነው። ጎጃም የቅኔ አገር መሆኑን ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። በዚያ አገር ቃል ሁለት ፊት እንዳለው ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም፤ አኩፋዳ አንግቶ በየመንደሩ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚለው የቆሎ ተማሪ ሰሙን ከወርቁ ለይቶ ያድራል። ታዲያ እንዲህ ላለ ሰው አዋጅ ሲነበብለት ወርቁን ቢፈልግ ምን ይገርማል?

አዋጁ የመጣው በ1960 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ነው። ቁጥሩ 255 ነው። አሥራትን ሽሮ በምትኩ ከእርሻ ሥራ በሚገኝ ገቢ ላይ ግብር የሚጥል ሕግ ነበር። እንደሚታወቀው ነጋሪት ጋዜጣ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን የሚታተም ነበር፤ የዘመኑም ሕግ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚታሰበው በባዕድ ቋንቋ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ መጀመሪያ የተረቀቀው በፈረንሳዩ ሊቅ በሬኔ ዳቪድ እጅ በፈረንሳይኛ ነበር። «የእርሻ ገቢ ግብር» የሚለውም ሐረግ በእንግሊዝኛው ዐምድ ሲነበብ ወለም ዘለም የማይል የሒሳብ ቃል ነው፤ ያተረፈ ካተረፈው ላይ ይክፈል ነው። ወግ አጥባቂ የሚባለውም ሆነ ለውጥ ፈላጊው፣ የተማረው ወገን ይህን እንደ መሻሻል ቆጥሮት ነበር። አሥራት ከመክፈል እንደ ገቢ መጠን መክፈል ይሻላል ነው ነገሩ።

በአማርኛው ዐምድ ግን ቃላቱ ዝም ብለው አይቀመጡም። «ግብር» ማለት ለመንግሥት የሚከፈለው ነው። «ግብር» ማለት ጌታ ለሎሌው የሚያበላው ድግስም ነው። «ግብር» ማለት ሥራም ጠባይም ነው። ከግእዙ «ገብረ» ሥር «ገበሬ»ም፣ «ገባር»ም፣ «ገብር» የሚለው አገልጋይም ይወጣሉ። ገበሬ መሆን ክብር ነው፤ ገባር መሆን ግን፣ በተለይ የደቡቡን ታሪክ ለሰማ ሰው፣ ሌላ ነገር ነው። «ገቢ»ስ ቢሆን? በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ኪስ የሚገባው ገንዘብ ነው። በፍርድ ቤትና በግምጃ ቤት ቋንቋ ግን «ለመንግሥት ገቢ ሆነ» ሲባል ተወረሰ ማለት ነው። እንግዲህ «የእርሻ ገቢ» የሚለውን «እርሻው ገቢ ሊሆን ነው» ብሎ ለመስማት ጆሮ ብዙ መንገድ አይሄድም። የቢቸና ገበሬ ይህን የሰዋስው ትንተና ሠርቶ ነው ጠመንጃ ያነሣው አንልም፤ እንዲያ ብንል ቅጥፈት ይሆንብናል። የምንለው፣ ጥርጣሬው ገብቶ የሚያድርበትን ቤት ቃላቱ ከፍተው ጠበቁት ነው።

ጥርጣሬው ደግሞ ከሜዳ የመጣ አልነበረም። መንግሥት በ1934 ዓ.ም. መሬትን ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ ብሎ ከፍሎ በየጋሻው 15፣ 10 እና 5 ብር ግብር ሲጥል ጎጃም እምቢ ብሎ ነበር። ከዚያም በኋላ ጎጃም፣ ትግሬና በጌምድር መሬታቸው ሳይለካ እንደ ቀድሞ ልማዳቸው እንዲከፍሉ ተተዉ። የቢቸናው ጀግና በላይ ዘለቀ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በስቅላት መሞቱንም አገሬው አልረሳውም። ከዐባይ ማዶ በደቡቡ ክፍል ቀላድ ከተጣለ በኋላ ብዙው መሬት ለመንግሥትና ለሹማምንት ሆኖ ባላገሩ ጭሰኛ መሆኑም ሲወራ የኖረ ነገር ነው። ስለዚህ «ገማች ይመጣል፤ የእርሻችሁን ገቢ ይገምታል» ሲባል ገበሬው የራሱን ሒሳብ ሠራ። ለመገመት ማየት ያስፈልጋል፤ ለማየት መለካት ይከተላል፤ ከተለካ በኋላ ርስት የለም።

እዚህ ላይ «ርስት» ራሱ ምን እንደ ሆነ ሳንናገር ማለፍ አይቻልም፤ ይኸኛውም ተርጓሚን ያስለቀሰ ቃል ነውና። በእንግሊዝኛ «ንብረት» እንዳይባል አይሸጥም አይለወጥም። «ውርስ» እንዳይባል አንድን ማሳ ለይቶ አባት ለልጅ የሚሰጥበት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ እዚያው ጎጃም ደጋ ዳሞት ተቀምጦ ያጠናው አሜሪካዊው አለን ሆበን እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፉ ቃሉን ሳይተረጉም «ርስት» ብሎ እንዳለ ተወው፤ ትክክልም ነበር። ርስት ማለት ከአቅኚው አባት የሚወለድ ሁሉ፣ በአባቱም ይሁን በእናቱ በኩል ቆጥሮ፣ ከመሬቱ ይድረሰኝ የማለት መብት ነው። ሄዶ የቆየም ሰው ተመልሶ ዘሩን ቆጥሮ ይጠይቃል። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የተባለው በከንቱ አይደለም። እንዲህ ያለውን መብት በአንድ ሰው ስም በመዝገብ ጻፈው ማለት ለአንዱ ማጽናት፣ ለሌላው ሁሉ በሩን መዝጋት ነው። ለገንዘብ ሚኒስቴር ጸሐፊ ተራ የሆነው የስምና የመሬት መዝገብ ለሞጣ ባላገር የዘር ሐረግ መቁረጫ ቢላ ሆኖ ታየው።

በ1960 ዓ.ም. የካቲት አካባቢ የሞጣና የቢቸና ገበሬዎች ገማቾቹን አናስገባም አሉ። ነገሩ ወደ ሌሎችም የጎጃም አውራጃዎች ተዛመተ። ፖሊስ፣ ቀጥሎም ጦር ሠራዊት ተላከ። አውሮፕላን መንደር ደበደበ። በመጨረሻ ለዓመታት ጠቅላይ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ተነሡ፤ ሌላ ገዥ ተሾመ፤ ንጉሡም የቀረ ግብር ማሩ፤ አዲሱ ግብር ጎጃም ውስጥ ሳይሠራበት ቀረ። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» በሚባልበት አገር ገበሬው ንጉሡን ሳይከስ አዋጁን መለሰው።

ይህን ድርጊት ምን ብለን እንጥራው? የመንግሥቱ ሰዎች «ሽፍትነት» አሉት። ነገር ግን «ሽፍታ» በባላገሩ አፍ ቀማኛም ነው፣ ተበድሎ ጫካ የገባ ጨዋም ነው። ገብሩ ታረቀ እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተመው የገበሬዎች ዓመፅ ታሪክ በፈረንሳይ አብዮት ዘመን ለንጉሥና ለቤተ ክርስቲያን ከተነሡት ከቫንዴ ገበሬዎች ጋር አነጻጽሮ ጥያቄ አቅርቧል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የጎጃም ገበሬ አዲስ ዓለም እንፍጠር ብሎ አልተነሣም፤ ያለውን ላለመልቀቅ ነው የተነሣው። ያ ያለውም ነገር ሙስሊሙንና ባለ እጁን ያገለለ እንደ ነበር አልደበቅንም። ቢሆንም ላለመነጠቅ መሞት ወደ ኋላ መመልከት ነው ብለን ልንንቀው አይገባም።

አሁን ወደ እኛው ሐረግ ተመለስን። ዓመፁ ከመነሣቱ ከሦስት ዓመት በፊት፣ በ1957 ዓ.ም. የካቲት፣ የዚያ ዘመን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ወደ ፓርላማ ሰልፍ ወጥተው ነበር። መፈክሩ ከውጭ ንባብ የመጣ ቢሆንም ትርጉሙ ግሩም ነበር፤ ሁለት ቃል ብቻ፣ አፍ ላይ የሚቀር። ለአርሲና ለሐረርጌ ጭሰኛ ከዚህ የበለጠ ቃል አይገኝለትም፤ እርሱ ያርሳል፣ ሌላው ይበላል፣ ስለዚህ መሬቱ ለአራሹ። እዚህ ላይ የዚያን ትውልድ ልብና ድፍረት አለማድነቅ ንፉግነት ነው።

ይሁንና ሐረጉ ዐባይን ሲሻገር ፍቹ ይለወጣል። ቢቸና ላይ «መሬት ለአራሹ» ስትለው ገበሬው «ታዲያ የማን መስሎህ ነበር?» ሊልህ ይችላል፤ ብዙው ሰው በርስቱ የሚያርስ ነውና። ከዚያም ሲያስብበት ይጠረጥራል። በርስት አገር «አራሽ» ማለት የሰው መሬት በእኩል ወይም በሲሶ የሚያርስም ሰው ነው። ባሏ የሞተባትን ሴት አስቡ። ርስቱ የእሷ ነው፣ በአባቷ ወይም በእናቷ ቆጥራ ያገኘችው። በሬ የላትም፤ ቢኖራትም በልማዱ ሴት ሞፈር አትጨብጥም። ስለዚህ ጎረቤቷ በእኩል ያርስላታል። መሬት ለአራሹ ከሆነ መሬቷ የጎረቤቷ ሆነ ማለት ነው? እንግሊዝኛው «ቲለር» ወንድም ሴትም አይልም። አማርኛው ግን «ለአራሹ» ብሎ ሱሪ አስታጥቆ አወጣው። በአንዲት ፊደል ግማሹ ሕዝብ ከመፈክሩ ወጣ።

ይህ የእኛ ፍልስፍና ብቻ እንዳይመስላችሁ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ሕግ አርቃቂዎቹ ችግሩ ገጥሟቸዋል። አዋጁ በቅጥር ጉልበት ማሳረስን ሲከለክል፣ ሌላ በቂ መተዳደሪያ የሌላትን ሴት፣ የታመመውንና የሸመገለውን ሰው ቤተሰብ፣ ዐቅመ አዳም ያልደረሰውን የሟች ልጅ ከክልከላው አወጣቸው። ማለትም «አራሽ» የሚለው ቃል የጣላቸውን ሰዎች በልዩ አንቀጽ መልቀም ግድ ሆነ። መፈክር ሁለት ቃል ይበቃዋል፤ ሕግ ግን ባልቴቲቱን ማስታወስ አለበት።

ያው አዋጅ የገጠር መሬት «የሕዝብ ሀብት» ነው አለ። «የሕዝብ» የሚለው ቃል ግን ስንት ፍች እንዳለው ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታት አስተማሩን። በጭሰኛው አገር ጌታ ወድቆ አራሹ ቀና አለ፤ ይህ የማይካድ ትልቅ ነገር ነው። በርስት አገር ግን ለዘር ሐረግ ይቆጠር የነበረው መሬት ለገበሬ ማኅበር መዝገብ ሆነ። ማን ምን ያህል እንደሚያርስ የሚወስነው አቅኚው አባት ቀርቶ ሊቀ መንበሩ ሆነ። በአማርኛ «መሬት መምራት» ማለት ለይቶ መስጠት፣ ማደል ማለት ነው። ለካ የሩሲያኛ ተማሪው ጓደኛችን የተሳሳተው በቋንቋ እንጂ በታሪክ አልነበረም!

ነገሩ እዚያም አላበቃም። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የመሬት ሽግሽግ ሲደረግ በጎጃም ገጠር አንድ እንግዳ ቃል በየቀበሌው ዞረ፤ «ቢሮክራት»። በፈረንሳይኛ ሥሩ ቢሮ የጽሕፈት ጠረጴዛ ነውና ቃሉ በጠረጴዛ የሚገዛ ሰው ማለት ነው። በጎጃም ማሳ ላይ ግን በደርግ ዘመን በቀበሌና በገበሬ ማኅበር ሹመት ለነበረው ባላገር ተለጠፈ። ስሙ የተለጠፈበት ከአንድ ሄክታር በላይ እንዳይዝ ተደረገ፤ የቀረው ተወሰደበት። ቅር የተሰኙ ገበሬዎች አዲስ አበባ ድረስ መጥተው አቤት አሉ። ዕድሜ ልኩን ሞፈር ሲጨብጥ የኖረ፣ ጠረጴዛ ኖሮት የማያውቅ ሰው በማያውቀው ቃል መሬቱን ሲያጣ አስቡት። አባቱ «ገቢ» የሚለውን ቃል ጠርጥሮ ገማች መልሶ ነበር። ልጁ ግን ለመጠርጠር እንኳ ፍቹን የማያውቀው ቃል መጣበት።

ይህን ሁሉ የጻፍነው በትርጉም ላይ ለመራቀቅ አይደለም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ «ይቻላቸዋል» የሚለው የአማርኛ ቃል በጣልያንኛው ግዴታ ሆኖ በመገኘቱ ምን እንደ መጣ ሁላችንም ከሕፃንነታችን ጀምሮ ተምረናል። ባዕድ በቃል ሲያታልለን እናውቅበታለን፤ እንቆጣለን። እኛው ለእኛው ስንተረጉም የምናደርሰውን ጥፋት ግን ማንም በትምህርት ቤት አላስተማረንም። የውጫሌን ተርጓሚ እንወቅሳለን፤ የመፈክራችንን ተርጓሚ፣ የአዋጃችንን ተርጓሚ ግን አንጠይቅም። ራሳችንንም ጨምረን ነው የምንናገረው፤ እኛም ከመጽሐፍ ያገኘነውን ቃል ትኩስ ትኩሱን ወደ ባላገር መወርወር እንወዳለን።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ አለን። ከውጭ ቋንቋ አንድ ሐረግ ወደ አማርኛ ከማምጣታችን በፊት መዝገበ ቃላቱን ብቻ ሳይሆን ቃሉ ሄዶ የሚያድርበትን አገር እንጠይቅ። «አራሽ» ስንል ባልቴቲቱ የት ገባች? «ሕዝብ» ስንል መዝገቡን የያዘው ማን ነው? «ገቢ» ስንል ወደ ማን ነው የሚገባው? ይህን መጠየቅ የሐሳብን ጉዞ ማሰናከል አይደለም። በቢቸናና በሞጣ ሳይጠየቅ የቀረውን ጥያቄ ሰዎች በኋላ በጥይት መጠየቃቸውን ታሪክ ነግሮናል።

ሩሲያኛ ተማሪው ጓደኛችን በነጋታው ስሕተቱን አረመ። «ሩምፔል» የሚለውን ሰርዞ «ፓኻር» ጻፈ። የሞጣው ልጅ ወረቀቱን አይቶ «አሁን ቃሉ ተስተካክሏል» አለው። ሌላውን አልተናገረም፤ እኛም አልጠየቅነውም።